ሙያን ይዞ ወደ ውጭ አገር መሄድ፦ ከወረኢሉ ተነሺዎች ምን ይጠበቃል?

ከወረኢሉና ከአጎራባች የደቡብ ወሎ ወረዳዎች ወደ ዓረብ አገራት የሚደረገው የሥራ ጉዞ በአብዛኛው በቤት ውስጥ ሥራ ላይ ያተኮረ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ዜጎች ከሳዑዲ ዓረቢያ መመለሳቸው ያለ ሕጋዊ ሰነድ መሄድ የሚያስከትለውን ጉዳት አሳይቷል።

የተማረ ባለሙያም ከስጋት ነፃ አይደለም። በቤት ሠራተኛነት ቪዛ የሄደች ነርስ በዲፕሎማዋ ልትሠራ አትችልም። ስለሆነም ከመፈረም በፊት የትምህርት ማስረጃን ማረጋገጥ፣ በቪዛውና በውሉ ላይ የሰፈረው የሥራ መደብም አንድ መሆኑን ማየት ይገባል።

በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወጪን ይሸፍናል። በሬ ሸጦ «ለቪዛ» ተብሎ ለደላላ የሚከፈል ገንዘብ ሕጋዊ መሠረት የለውም።