«የማይነበብ የዳኛ ፊርማ አለበት»

የፍቺ ውሳኔ ግልባጭ በእጃችሁ ገብቶ ያውቃል? ካልገባ ይቅርባችሁ። የገባላችሁ ግን ግርጌውን ሳታዩ አልቀራችሁም። የዳኛው ፊርማ መኖር ባለበት ቦታ ላይ «የማይነበብ የዳኛ ፊርማ አለበት» ተብሎ በታይፕ ተጽፏል። ከሱ በታች የፍርድ ቤቱ ክብ ማህተምና ግልባጩ ትክክለኛ ነው ብሎ የፈረመ ሠራተኛ አለ። ዳኛው በእጃቸው የፈረሙበት ወረቀትማ መዝገብ ቤት፣ ፋይሉ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ጎበዝ፣ ዳኛ ያልፈረመበትን ይህን ወረቀት ነው የየቢሮው ሠራተኛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ የሚመረምረው። ማህተሙ ደመቅ ካለ «እሺ»፣ ደብዘዝ ካለ «ይሄ ነገር አላማረኝም»። ማህተም ማስቀረጽ ይህን ያህል ቀላል በሆነበት ከተማ የማህተም ድምቀት ምን ያረጋግጣል? እኛ እንደሚገባን የቀለሙን ጥራት ብቻ ነው።

ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ የመወሰንን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ጉዳዩ በሽማግሌዎች እጅ ነበር፤ ዛሬ ግን ሽማግሌዎች የፈረሙበት ስምምነት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው የፍቺ ውሳኔ አይባልም። ይኸው ሕግ የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል። እስቲ ሁለቱን አንድ ላይ አስቧቸው። ሚስቱን ሳያስፈርም ቤት ለመሸጥ ለቋመጠ ሰው፣ የተጭበረበረ የፍቺ ወረቀት ዋጋው ስንት ነው? የሞግዚትነት ውሳኔም እንደዚያው ነው፤ የልጅ ፓስፖርት ያስወጣል፣ ልጁ የወረሰውን ገንዘብ ያስነካል።

ስለዚህ ሐሰተኛው ወረቀት ሲታመን አንዷ ቤቷን ታጣለች። እውነተኛው ሳይታመን ሲቀር ደግሞ ሌላዋ ልጇን ይዛ በየቢሮው ስትንከራተት ትከርማለች።

ታዲያ በምን ይለያል? ወረቀቱ ላይ ከማህተሙ ይልቅ የሚጠቅመው የመዝገብ ቁጥሩ ነው፤ ከምድብ ችሎቱና ከቀኑ ጋር። (ቀኑን በካሌንደር ማየትም አይከፋም። እሁድ የዋለ ፍርድ ካጋጠማችሁ ቢያንስ ጥያቄ ያስነሳል።) እነዚህን ይዞ ውሳኔውን የሰጠው ችሎት ያለበት ሬጅስትራር ዘንድ መሄድ ነው። በስልክ ከሆነም ወረቀቱ ላይ በሰፈረው ቁጥር ሳይሆን ራስ ፈልጎ ባገኘው የፍርድ ቤቱ ቁጥር መደወል። «ቁጥሩ አለ» የሚል መልስም አይበቃም። ቁጥሩ እውነተኛ ሆኖ መዝገቡ የሌላ ሰው የቤት ኪራይ ክርክር ሊሆን ይችላልና ስሙም፣ የውሳኔው ቃልም ከፋይሉ ጋር መመሳከር አለበት።

ከዚያ ብዙዎች የሚረሱት ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ ውሳኔው ዛሬም ይሠራል ወይ? ይግባኝ ተብሎበት ታግዶ ይሆናል፣ ተሽሮ ይሆናል። ልጅ የማሳደግና የቀለብ ውሳኔም ሁኔታ ሲለወጥ ይለወጣል። የሦስት ዓመት ግልባጭ አንድም ፊደል ሳይነካ አሳሳች ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ውሳኔው እውነተኛ፣ መሠረቱ ሐሰት ሲሆን ነው። በ2006 ዓ.ም. የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በአንድ የጉዲፈቻ ድርጅት ሠራተኞች ላይ ክስ መሠረተ። ክሱ እንደሚለው ልጆቹን አሳድገው የማያውቁ የሕፃናት ማሳደጊያዎች የፈረሙባቸው ውሎች ለኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ቀርበዋል፣ በእነሱም የጉዲፈቻ ውሳኔ ተሰጥቷል። ከተከሳሾቹም በኋላ ጥፋተኝነታቸውን ያመኑ አሉ። እዚህ ላይ የዳኛው ፊርማም ማህተሙም ትክክል ነው፤ ሬጅስትራሩም «አዎ፣ የኛ ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ለእንዲህ ያለው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል። ተከራካሪ የነበረ ሰው ፍርዱ በሐሰተኛ ሰነድ ወይም በሐሰት ምስክር የተሰጠ መሆኑን በኋላ ከደረሰበት እንደገና እንዲታይ ይጠይቃል፤ በክርክሩ ያልነበረና መብቱ የተነካ ደግሞ መቃወሚያ ያቀርባል።

አሁን ጠባችን ከማን ጋር እንደሆነ እንናገር። ባንክ ይሁን ወረዳ፣ ወይም ብዙዎቻችን አሁንም «ውልና ማስረጃ» የምንለው ቢሮ፣ ሠራተኛው ሲጠራጠር የሚለው የታወቀ ነው፦ «አረጋግጠሽ ነይ»። እውነተኛዋ ባለጉዳይ ሥራዋን አስፈቅዳ፣ ታክሲ ተሳፍራ፣ ተሰልፋ ትመለሳለች። አጭበርባሪውስ? የመጀመሪያውን ማህተም ያሠራ ሰው ሁለተኛውን ማሠራት ያቅተዋል እንዴ! ማረጋገጫውን በተጠርጣሪው እጅ ማስላክ ንጹሑን ከማጉላላት በቀር የሚያጣራው ነገር የለም።

ጠያቂው ወረቀቱን የተቀበለው ቢሮ ራሱ መሆን አለበት፤ መልሱም ከፍርድ ቤቱ ለቢሮው በቀጥታ ይድረስ። የቤተሰብ ጉዳይ የሰው ገመና ስለሆነ መዝገቡ ለሁሉም ይከፈት አንልም። ማን ማንን ለምን እንደፈታ ባንክ ምን አገባው? የሚያስፈልገው አንድ መስመር መልስ ነው፦ ይህ ውሳኔ ከእኛ ወጥቷል ወይስ አልወጣም፣ ዛሬስ የጸና ነው ወይስ አይደለም። ለዚህች አንድ መስመር አንዲት እናት ሦስት ጊዜ መመላለስ የለባትም።