ለአንድ ማታ ብላችሁ ብር አትበትኑ

ወገኖቼ፣ ኦክቶበር 31 ደረሰ። ተሳፋሪ ሳደርስ የማየው በረንዳ ሁሉ በሱቅ አጽምና በሚነፋ ፕላስቲክ ተሞልቷል። ሃሎዊን ይከበር አይከበር የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቻለሁ። ለልጆቻችሁ ከፈቀዳችሁ ግን ማስጌጫውን እቤት ሥሩት።

ባዶ የወተት ጋሎን እጠቡ፤ ልጁ በጥቁር ማርከር ዓይንና አፍ ይሳልበት፤ ከኋላ ቀዳችሁ በባትሪ የሚሠራ መብራት ክተቱበት። መንፈስ ሆነላችሁ! ከጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ደግሞ የሌሊት ወፍ በመቀስ ይወጣል። ሻማ ግን ይቅር፤ የልጆቹ ልብስ ቶሎ እሳት ይይዛል።

ዱባ መቅረጹም ቢሆን የስደተኛ ብልሃት ነው። አይሪሾች አገራቸው ተርኒፕ የሚባል ሥር ይቀርጹ ነበር፤ አሜሪካ ሲመጡ ዱባ አገኙ፣ በዱባ ቀጠሉ። እኛስ ብንሆን በእንቁጣጣሽ በእጃችን የሳልነውን ሥዕል ይዘን በየቤቱ ዞረን ሳንቲም አልተቀበልንም? ከሱቅ ገዝታችሁ አምጡ ያለን ማን ነበር?

ለዚያ ፕላስቲክ የሚወጣው ብር ስንት ሰዓት ተነድቶ እንደሚገኝ እኛ ሾፌሮች እናውቃለን። ያንን ሰዓት ቤት ገብታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ በሉበት።