ከሜዳ የወጣ ስድብ

«ጨዋታ እኮ ነው!» አለኝ ጠበቃው ወዳጄ። አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከአንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። የ14 ዓመቱ የእህቴ ልጅ በስልኩ ፐብጂ ሲጫወት የደረሰበትን ስነግረው ነው እንዲህ ያለኝ። «ልጆች በጨዋታ ተሰዳደቡ ብለህ ፖሊስ ልትጠራ ነው?»

ለስድቡስ አልጠራም። ፍራንኮ አካባቢ ወደ አንዱ ጌም ቤት ጎራ ያለ ሰው፣ በፕሌይስቴሽን ኳስ 2 ለ 0 የተመራ ልጅ ምን ዓይነት አፍ እንደሚያወጣ ያውቃል። እኛም በጆተኒ ዙሪያ ያደግን ነን፤ ያኔ የተወራወርነው ስድብ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ግማሻችን ዛሬም ከወህኒ ባልወጣን። አባቶቻችንም በገና ጨዋታ ጌታ እንዳይቆጣ ደንግገው፣ ሎሌው ጌታውን እስኪወጣለት ይዘልፍ ዘንድ ፈቅደዋል።

ወዳጄ ግን የገናን ሕግ የሚጠቅሰው ግማሹን ብቻ ነው። ያ ፈቃድ ቀን ነበረው፤ ሜዳ ነበረው፤ ተሳዳቢውም ፊት ነበረው። ከመሸ በኋላ በትሩን ይዞ የጎረቤቱ ደጅ የቆመ ሰው ተጫዋች አይባልም።

የእህቴ ልጅ የገጠመው ይኸው ነው። በማይክሮፎን ሲያወራ ከአነጋገሩ ብሔሩን ገመቱ። መጀመሪያ ብሔሩን ሰደቡ፤ ቀጥሎ ከጨዋታው ወጥተው በቴሌግራም ተከተሉት፤ በሦስተኛው ሳምንት የሰፈሩን ስም ጽፈው «ቤታችሁን እናውቀዋለን» አሉት። ልጁ ሌሊት እየተነሣ በሩ መቆለፉን ያይ ጀመር።

ይህች አባባል ሌላ አገር ቀልድ ልትሆን ትችላለች። እዚያም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ ዊቺታ ከተማ፣ በኮል ኦፍ ዲዩቲ ጨዋታ በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ውርርድ ከተጣሉ ሁለት ተጫዋቾች አንዱ ሌላ ሰው አግባብቶ ለፖሊስ በሐሰት አስደወለ። ፖሊስም ጨዋታው ውስጥ ያልነበረን የሁለት ልጆች አባት በደጁ ላይ ተኩሶ ገደለ። ደዋዩ በ2011 ዓ.ም. 20 ዓመት ተፈረደበት። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በሻሸመኔና በዝዋይ የሰው ቤት፣ ሱቅና ሆቴል ሲቃጠል ለሰማን፣ በሞጆ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ ለምናውቅ ሰዎችማ «ቤታችሁን እናውቀዋለን» ምኑ ነው ጨዋታው?

«ሕጉ እዚያ አይደርስም» የሚባለውም ሐሰት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13፣ ሰውን ወይም ቤተሰቡን በኮምፒውተር ሥርዓት በከባድ ጉዳት ያስፈራራ እስከ 3 ዓመት፣ ስለ ሰውየው መልእክት እየደጋገመ ልኮ ፍርሃትና የመንፈስ ጭንቀት ያሳደረበት እስከ 5 ዓመት በቀላል እስራት ይቀጣል ይላል፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን ቅጣቱ ይጨምራል። ጨዋታን ነጻ የሚያወጣ ሐረግ አላየሁበትም። የብሔር ጥላቻ ለሚዘራውም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ።

ያው አንቀጽ 13 ስም ማጥፋትንም እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር ያስቀጣል። ይህችኛዋ ጌም ቤት ከገባች እኔም ከወዳጄ ጎን እቆማለሁ። የተናደደ ሹም ጸሐፊ ሊያሳስርባት የሚችል ቀዳዳ ናትና፣ በጨዋታ መሐል አፉ ላመለጠው ልጅ ጨርሶ አትገባም። ዛቻውና ክትትሉ ግን ይጠየቅ።

«አስፈራሪዎቹም ልጆች ቢሆኑስ?» አለኝ ወዳጄ። ይሁኑ! የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ልጅ ከአዋቂ ጋር አያስርም፤ ተግሣጽና ክትትል አበጅቶለታል። ማን መሆናቸውን ለማወቅ ግን መጀመሪያ አቤቱታውን የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል።

ባለፈው ሳምንት ልጁን ይዤ ወደ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። ተረኛው ስልኩን ተቀብሎ መልእክቶቹን አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ ልጁን፣ «ለመሆኑ ማን አሸነፈ?» አለው።