ሥራው ለተቋራጭ፣ ዕዳው ለማዘጋጃ ቤት

በለንደን የባርኔት ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በርካታ አገልግሎቶቹን ጠቅልሎ ካፒታ ለተባለው ኩባንያ በኮንትራት ሲሰጥ፣ የሠራተኞቹ የጡረታ አስተዳደርም አብሮ ሄደ። የታሰበው ወጪ መቀነስ ነበር። ዳሩ ግን በ2017 የአገሪቱ የጡረታ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ መግለጫ በወቅቱ አልደረሰኝም ብሎ 1,000 ፓውንድ የቀጣው ማዘጋጃ ቤቱን ነው። ገንዘቡ የሻይ መጠጫ ነው። ነገር ግን በሕግ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ አሳየ።

ነጋዴ ይህን ያውቀዋል። የመጋዘኑን ጥበቃ ለሌላ ቢሰጥም ዕቃ ሲጎድል ደንበኛው የሚይዘው እሱን ነው። ጡረታ ደግሞ ከዕቃ ይብሳል፤ የ30 እና የ40 ዓመት የደመወዝና የአገልግሎት መዝገብ ነው። ዛሬ የተሳሳተ ቁጥር የሚታወቀው ሠራተኛው ጡረታ ሲወጣ፣ ምናልባትም ተቋራጩ ሒሳቡን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ነው።

ባርኔት በ2020 ሥራውን ከካፒታ ወስዶ በብራድፎርድ ማዘጋጃ ቤት ለሚተዳደረው የዌስት ዮርክሻየር የጡረታ ፈንድ ሰጠ። ልብ በሉ፤ ወደ ቤቱ አልመለሰውም። እኛም ውሉን እንጂ ሥራን ለሌላ መስጠትን አንቃወምም። ተጫራቹ በቅድሚያ ይጠየቅ፦ ኮንትራቱ ሲያበቃ መዝገቡን በምን ይዞታ ታስረክባለህ? ለተገኘው ስህተትስ ማን ይከፍላል? በነፍስ ወከፍ ስንት ታስከፍላለህ የሚለው ከዚያ በኋላ ይምጣ።