ስለ ታላላቅ የሙዚቃ አዳራሾችና ስለ ደጆቻቸው

በብዙ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ የሚከራከሩበት አንድ ነገር አለ። ልጅ በታላቅ አዳራሽ ወይም በስታዲዮም የሚደረገውን፥ ዛሬ ኮንሰርት የሚባለውን የሙዚቃ ትርኢት ለማየት ገንዘብና ፈቃድ ይለምናል። አባት ደግሞ፥ ያንኑ ዘፈን በቤትህ ተቀምጠህ በሸክላም በስልክም እንደ ልብህ የምትሰማው ሆኖ ሳለ፥ ስለ ምን ብለህ በሃያ ሺህ ሰው መካከል ስትጋፋ ታመሻለህ? ይለዋል። እናትም በበኩልዋ የገንዘቡን ነገር ትታ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ፥ ከማንም ጋር እንደሚሄድ ትጠይቃለች። የሦስቱም ነገር እውነት ያለበት ስለ ሆነ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ክቡራን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

አስቀድመን ለአባት ጥያቄ መልስ እንፈልግ። ነገሩ ሙዚቃን አጥርቶ ለመስማት ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ታላቅ አዳራሽ ከቤት አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል። ድምፅ ከግድግዳና ከጣራ እየተመለሰ ይደራረባል። ከዚህም በላይ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ብቻ ነውና፥ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የከበሮ መቺውን እጅ ሲወርድ አይቶ ከመድረኩ የሚመጣውን ድምፅ የሚሰማው የሴኮንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ነው። በዚያ ላይ የጎረቤቱ ጩኸት አለ።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ኦገስት 15 ቀን 1965 ዓ.ም. ቢትልስ የተባሉት አራት የእንግሊዝ ወጣቶች በኒውዮርክ ከተማ በሼይ ስታዲዮም ያሳዩት ትርኢት ነው። ይህ ስታዲዮም፥ አሁን ፈርሷል፥ ቤዝቦል ለሚባለው የኳስ ጨዋታ የተሠራ ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን 55,600 ሰው ሙዚቃ ለመስማት ገባበት። ሙዚቀኞቹ ይዘውት የመጡት የጊታር ማጉያ 100 ዋት ኃይል ያለው ነበር። ዛሬ በአንድ መካከለኛ የሠርግ ድንኳን ውስጥ የሚቆመው ማጉያ ከዚያ ሳይበልጥ አይቀርም። ሕዝቡም፥ ይልቁንም ልጃገረዶቹ፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ጮኹ፥ ዘፋኞቹ የራሳቸውን ድምፅ እንኳ ለመስማት ተቸገሩ። ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር በእንዲህ ያለው ትርኢት የጓደኞቹን ጀርባና ራስ ሲወዛወዝ እያየ ዘፈኑ ከምን እንደ ደረሰ ይገምት እንደ ነበር በኋላ ተናግሯል። ትርኢቱም በሙሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር።

እንግዲህ ገንዘቡን ከፍሎ፥ ዘፈኑን ሳይሰማ፥ ግማሽ ሰዓት ጮኾ የተመለሰ ሰው ተታለለ ይባላልን? በዚያ የነበሩት ሰዎች አርጅተው የልጅ ልጅ ካዩ በኋላ ያን ምሽት ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። ምንም አልሰማንም ሲሉም በዚያ ነበርሁ ለማለት ነው እንጂ ለማማረር አይደለም። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ግን በነገሩ ደከሙ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ኦገስት 29 ቀን 1966 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቲኬት ተቆርጦ የሚታየውን የመጨረሻ ትርኢታቸውን አሳይተው ከዚያ ወዲያ ይልቁንም በሸክላ መቅረጫ ቤት ሠሩ። ከዚህ የምንረዳው፥ ሰሚው የሚሄደው ለጆሮው ብቻ አለመሆኑን ነው። በአገራችን በጥምቀት ዕለት ታቦት ሲሸኝ ከሕዝብ ጋር የዘመረ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ድምፁ ከብዙ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ የራሱ የቱ እንደ ሆነ ይጠፋዋል፤ ያ መጥፋቱም ደስ ይለዋል። ይህን በቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ሸክላ የሚያሰማ ሰው ከየት ያገኘዋል? ስለዚህ በዚህ ክርክር እኛ ከልጅ ጋር ነን።

የገንዘቡ ነገር ግን በአጭሩ ይነገር። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1990 ዓ.ም. በካናዳ ተወልዶ፥ በአያቱ እጅ አማርኛ እየሰማ ያደገው አቤል ተስፋዬ፥ ዓለም ዘ ዊክንድ እያለ የሚጠራው፥ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2022 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አጠገብ በሶፋይ ስታዲዮም እጅግ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ጥቂት ዘፈኖች እንደ ዘፈነ ድምፁ ጠፋበት። ወደ ውስጥ ገብቶ ተመለሰና ሕዝቡን ይቅርታ ለምኖ፥ ገንዘባቸው እንደሚመለስላቸው ነግሮ አሰናበታቸው። የተቀዳውን ድምፁን እያሰማ አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ ምሽቱን መጨረስ ይቻለው ነበር፤ እንዲህ የሚያደርጉ ዘፋኞች ሞልተዋልና። እርሱ ግን ይህን ሳያደርግ ቀርቶ በኖቬምበር 26ና 27 ቀን ወደዚያው ስታዲዮም ተመልሶ ዘፈነ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የቲኬቱ ዋጋ ቢመለስ እንኳ፥ ከሩቅ ከተማ የመጣው ወጣት ለመንገድና ለማደሪያ ያወጣውን የሚመልስለት የለም። ልጅ የቲኬቱን ዋጋ ብቻ ነግሮ ፈቃድ ሲለምን፥ አባት የቀረውን ራሱ ቢደምረው ይሻላል።

የእናት ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈንም እርሱ ነው።

ዲሴምበር 3 ቀን 1979 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ፥ ሪቨርፍሮንት ኮሊሲየም በሚባለው አዳራሽ፥ ዘ ሁ የተባሉት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ትርኢት ሊያሳዩ ነበር። የተሸጠው ቲኬት 18,348 ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ 14,770 የሚሆነው የወንበር ቁጥር የሌለው ነበር። ቁጥር የሌለው ቲኬት ማለት፥ ቀድሞ የገባ ከመድረኩ አጠገብ ይቆማል፥ የዘገየም ከኋላ ይቀራል ማለት ነው። ይህ አሠራር ለሻጩ ይመቸዋል፤ ወንበር የሚያሲዝ አስተናጋጅ አይፈልግም፥ በአንድ ሥፍራም ብዙ ሰው ያቆምበታል። ለገዢው ግን ያው ዋጋ የተከፈለበት ሥፍራ በጉልበትና በሩጫ የሚያዝ ይሆንበታል። በዚህ ምክንያት ወጣቶቹ ከቀትር በኋላ ጀምረው ብርዱን ታግሠው ከደጁ ፊት ተሰበሰቡ።

ትርኢቱ የሚጀመረው ከምሽቱ በ2 ሰዓት ነበር። ከዚያ በፊት ሙዚቀኞቹ ዘግይተው መሣሪያቸውን ሲሞክሩ ድምፁ ወደ ውጭ ተሰማ፤ በውጭ የነበረውም ሰው ትርኢቱ የተጀመረ መሰለው። አዳራሹ ብዙ ደጆች ያሉት ሆኖ ሳለ የተከፈቱት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ከኋላ ያለው ሰው ከፊት ያለውን አያይምና፥ ደጁ ተከፍቷል ሲባል ሰምቶ ገፋ። ከፊት ያለውም ወደ ኋላ ለመመለስ አልቻለም። በዚያ ደጅ 11 ሰዎች ሞቱ። ከነዚህም የ15 ዓመት ልጃገረዶች ነበሩ፤ ትንንሽ ልጆች በቤት ትተው የመጡ እናቶችም ነበሩ።

በማግሥቱ በብዙ ሥፍራ የተወራው፥ ሕዝቡ እንደ ደነበረ ከብት ሮጦ እርስ በርሱ ተረጋገጠ የሚል ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ስለ ሕዝብ ብዛት የሚያጠኑ ሰዎች እንደሚያስረዱት፥ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ6 እስከ 7 ሰው የቆመ እንደ ሆነ፥ ከዚያ ወዲያ ሰው እንደ ፈቃዱ የሚራመድ መሆኑ ይቀርና ሕዝቡ በሙሉ እንደ ውኃ ይወዛወዛል። ከኋላ ያለ ሰው በትንሹ የገፋው እየተደመረ ሄዶ ከፊት ባለው ላይ እንደ ጎርፍ ይደርሳል። የተያዘውም ሰው ቆሞ ሳለ ደረቱ ስለ ተጫነ አየር ለመሳብ አቅቶት ይሞታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ በዚያ ደጅ ግን ነገሩ ተገልብጦ የሺህ ሰው ሸክም በአንድ ሰው ደረት ላይ ዐረፈ። የገፉትም ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። እነርሱም ሲገፉ የነበሩ ናቸው።

ወደ ውስጥ የገባው ሕዝብ ይህን ሳያውቅ ትርኢቱን እስከ መጨረሻው አየ። ባለሥልጣኖቹ ቢያቋርጡት ሌላ ግፊያ ይነሣል ብለው ስለ ፈሩ፥ ለሙዚቀኞቹም እንኳ የተነገራቸው ከጨረሱ በኋላ ነው። ይህን እንደ ጭካኔ የቈጠሩት ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን በዚያች ሰዓት ሌላ የሚሻል ምክር የነበረ አይመስለንም። በቤታቸው ያሉት ወላጆች ወሬውን ሰምተው፥ የእጅ ስልክ በሌለበት ዘመን፥ ልጃቸው ደጁን ከፍቶ እስኪገባ ድረስ እንዴት እንደ ቆዩ ወላጅ የሆነ ሁሉ ይገባዋል።

የከተማው ምክር ቤት በዚያው ወር፥ ዲሴምበር 27 ቀን፥ ቁጥር የሌለው ቲኬት እንዳይሸጥ ከለከለ። ክልከላው 25 ዓመት ያህል ከጸና በኋላ በ2004 ዓ.ም. ተነሣ። ዘ ሁም ወደ ሲንሲናቲ ተመልሰው የዘፈኑት ከ42 ዓመት በኋላ፥ ሜይ 15 ቀን 2022 ዓ.ም. ነው። ከሞቱት ውስጥ ሦስቱ የተማሩበት የፊኒታውን ትምህርት ቤት ወዳጆች፥ ለነዚህ ለሦስቱ መታሰቢያ ሙዚቃና ኪነ ጥበብ ለሚማሩ ልጆች የገንዘብ ርዳታ አቁመዋል። ልጆቹ የሞቱት ሙዚቃ ወደው ነውና፥ ከሐውልት ይልቅ ይህ መታሰቢያ ለኛ ደስ ያሰኘናል።

ይህን ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በአዲስ አበባም በኛ አቆጣጠር ለ2000 ዓ.ም. በዓል የተሠራው የሚሌኒየም አዳራሽ አለ፤ ታላላቅ የሙዚቃ ትርኢቶችም ታይተውበታል። ሕዝብ የሚጠራ ሰው፥ ባለሥልጣንም ቢሆን ነጋዴም ቢሆን፥ መድረኩን ከማስጌጡ በፊት ስንት ደጅ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፥ በየደጁም ማን እንደሚቆም ሊያስብ ይገባዋል። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን ጉባኤ የሚፈቅዱ ወይም የሚያዘጋጁ ስለ ሆኑ ይህን በድፍረት ጻፍነው። ሕዝቡ ራሱ ሥርዓት ይዞ ይግባ የሚለው ቃል አይበቃም፤ ከኋላ ያለ ሰው ከፊት ያለውን አያይም ብለናልና።

ለልጁ ፈቃድ የሰጠ ቤተ ሰብ ደግሞ ጥቂት ነገር ያስጠናው። ቲኬቱ የወንበር ቁጥር ያለው ቢሆን ይመረጣል። ወደ ውስጥ እንደ ገባ በመጣበት ደጅ ብቻ ሳይታመን ሌላ መውጫ በዓይኑ ይፈልግ። ሕዝቡ መጣበብ የጀመረ እንደ ሆነ፥ ሁለት እጁን እንደ ቦክስ ተጫዋች ከደረቱ ፊት አድርጎ ለመተንፈሻ የሚሆን ሥፍራ ያብጅ፤ ግፊያውን በጉልበት ሳይቋቋም፥ ረገብ ባለ ጊዜ ወደ ጎን እያለ ይውጣ። የወደቀ ነገር፥ ስልክም ቢሆን ጫማም ቢሆን፥ ለማንሣት አያጎንብስ። ጆሮም ይታሰብ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በእንዲህ ያለ ሥፍራ የድምፁ ኃይል በ15 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። የጆሮ መድፈኛ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ወጣቶች ያፍሩበታል፥ ሙዚቀኞቹ ግን ራሳቸው ያደርጉታል።

ስለ መመለሻው ሰዓት እናትና ልጅ ሲነጋገሩ በስልክ እንገናኛለን ብለው ብቻ አይለያዩ። ትርኢቱ ሲያልቅ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚደውል ስልኩ እንቢ ይል ይሆናል። ከአዳራሹ ደጅ ራቅ ያለ አንድ የታወቀ ሥፍራ፥ የቤተ ክርስቲያን አጥር ቢሆን ወይም መብራት ያለው ሱቅ፥ አስቀድመው በቀን ሄደው አይተው ይቀጣጠሩ፤ የሚቀበለውም ሰው ከደጁ ሳይጋፋ በዚያው ቆሞ ይጠብቀው።