ለደጋጋሚ ሌባ ረጅም እስር ብቻ ይበቃዋልን?

የንባብ ክፍል፦ መክብብ 8፥11፤ ኤፌሶን 4፥28

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ በኩየራም ሆነ በሻሸመኔ ገበያ በሬው ወይም ስልኩ የተሰረቀበት ሰው፣ ሌባው ከዚህ በፊትም ታስሮ የወጣ መሆኑን ሲሰማ «ለእንደዚህ ያለው ዕድሜ ልክ ነው!» ይላል። ቁጣው አይፈረድበትም። ገበሬ በሬው ከተሰረቀ በምን ያርሳል? ክፉ አድራጊን የሚቀጣ ባለ ሥልጣን የእግዚአብሔር አገልጋይ መሆኑን ሮሜ 13 ያስተምረናል። ይቅርታን የምንሰብክ ሰዎች የተበደለውን እንባ ልንረሳ አይገባም።

ነገር ግን ቅጣት ማክበድ ብቻውን ስርቆትን ይቀንሳልን? ሕጋችን ደጋጋሚን ዝም አላለውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ ሆን ብሎ ዳግም ወንጀል የሠራ ሰው በደጋጋሚነት ቅጣቱ እንዲከብድበት ይፈቅዳል። ሌባ ግን የሚሰርቀው አንቀጽ ቆጥሮ ሳይሆን «ማን ይይዘኛል?» ብሎ ነው። መክብብም የሰው ልብ ለክፋት የሚደፍረው ፍርድ ሲዘገይ እንደ ሆነ ያስተውላል። ስለዚህ ፈጥኖ መያዝና ፈጥኖ መፍረድ ዓመት ከመጨመር ይልቅ ሌባን ያስፈራል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በ1994 እ.ኤ.አ. ለሦስተኛ ጊዜ ያጠፋን ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች። በጥቃቅን ስርቆት የተያዙ ሳይቀሩ ተፈረደባቸው። በ2012 ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ሕጉን አላላው።

ጳውሎስ ሌባውን ሦስት ነገር ያዝዘዋል፦ መስረቁን ይተው፣ በእጁ ይሥራ፣ ለተቸገረ ያካፍል። እስር ቤት የመጀመሪያውን በግድ ያስፈጽማል፤ ያውም በሩ እስኪከፈት ድረስ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚፈጸሙት ውጭ፣ በእኛ መካከል ነው። ታዲያ በአመክሮ ለወጣው ሰው ቤት የማያከራየው፣ ሥራ የሚከለክለው ማን ነው? እኛው አይደለንምን? በሩ ሁሉ የተዘጋበት ሰው ወደሚያውቀው ጓደኛና ወደሚያውቀው ሥራ ይመለሳል።

ወገኖች፣ የእንጨት ወይም የብየዳ ሥራ ያላችሁ፣ አንድ ሰው በዓይናችሁ ሥር አድርጋችሁ አስተምሩ። የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ ስጡት አላልኩም፤ መዶሻውን ግን ስጡት። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ልመልስ እንዳለ፣ እርሱም ከደመወዙ ለበደለው ሰው ጥቂት በጥቂት ይመልስ። ቤተ ክርስቲያንም የተሰረቀበትን ቤተሰብ ትጎብኝ።

ዳኛው የፍርዱን ድርሻ ይወጣ። የእኛን ድርሻ እንድንወጣ ጌታ ይርዳን። ተባረኩ።