ከብራዚል ገበታ

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በእንግድነት በገቡበት ቤት የቀረበውን መብል አልበላም ማለት በአገራችን እጅግ የሚያሳፍር ነገር እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። እኛም ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ቤታችን ተነሥተን ብራዚል በሄድን ጊዜ ይኸው እፍረት አገኘን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2005 ዓ.ም. ወደ ሳኦ ፓውሎ መብረር ከጀመረ ወዲህ መንገዱ ቀሎአል፤ ለሆድ ግን ያው ሩቅ አገር ነው።

በሳኦ ፓውሎ ፌዡዋዳ የሚባለው መብል በልማድ የሚቀርበው ረቡዕና ቅዳሜ ነው። ይኸውም ጥቁር ቦሎቄ ከአሳማ ጎድን፣ ከጆሮውና ከእግሩ ጋራ በቀስታ እሳት ረዥም ሰዓት የተቀቀለ ነው። ወደ ቤታቸው የጠሩን ሰዎች ድስቱን በደስታ የከፈቱልን ረቡዕ ቀን ነበረ። ጾሙ አንድ፣ አሳማው ሁለት። እመቤቲቱ ጭልፋውን እንደ ያዙ እኛ እጃችንን ስንሰበስብ ባዩ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። ምክንያታችንን ከመቀመጣችን በፊት መናገር ሲገባን፣ ዝምታን እንደ ጨዋነት ቈጥረን መቆየታችን ስሕተቱ የራሳችን ነበረ። በኋላ ነገሩን ብናስረዳቸው ሣቁ፤ ሥጋ ያልነካውንም ሁሉ ለይተው አቀረቡልን። ሩዝ ነበረ፤ የተቈረጠ ብርቱካንም ነበረ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተከትፎ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ለጥቂት ጊዜ የበሰለው ጎመን ነው። እርሱን በቀመስን ጊዜ እናታችን ቤት የገባን መሰለን። ፋሮፋ የሚሉት የካሳቫ ዱቄት በሶ ይመስላል፤ ነገር ግን በቅቤ የተቈላ ስለ ነበረ የዚያን ቀን በዐይናችን ብቻ ቀመስነው።

መጠጣቸው ካሻሳ ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ የሚወጣ አረቄ ነው። ከሎሚ፣ ከስኳርና ከበረዶ ጋራ ሲቀላቀል ካይፒሪኛ ይባላል። ጣፋጭነቱ ኃይሉን ይሸፍነዋል፤ ጠጅ የለመደ ሰው ይህን ተንኰል ሊያውቅ ይገባው ነበር፤ እኛ ግን ያስታወስነው በሌላ ቀን ሁለተኛውን ብርጭቆ ከጨረስን በኋላ ነው።

ስለ ቡናቸው ስንናገር ጥቂት ቅናት ቢታይብን ይቅርታ ይደረግልን። ከአገራችን ደን የወጣው ቡና በየመን በኩል ዓለምን ዞሮ በ1727 እ.ኤ.አ. ብራዚል እንደ ደረሰ ይነገራል፤ ዛሬ ቡና በማምረት ከዓለም አንደኛ እርሷ ናት። ቁርስን ራሱን «የጧት ቡና» ብለው ይጠሩታል። የሚጠጡት ግን በትንሽ ሲኒ፣ ስኳር አብዝተው፣ ብዙ ጊዜም ቆመው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለም። ሁለተኛው እስኪቀዳልን ብንጠብቅ ሲኒውን አነሡብን።

ወደ ላፍቶ ከተመለስን በኋላ ይህን ገበታ ለጎረቤቶቻችን ለማሳየት አሰብንና ቅዳሜ ቀን ጠራናቸው። በአሳማው ፈንታ ያለ በርበሬ የደረቀ የበሬ ቋንጣ፣ በጥቁሩ ቦሎቄ ፈንታ ቀዩን አደረግን፤ የቤታችን እመቤትም ቦሎቄውን ሌሊቱን ሁሉ ዘፍዝፋ አደረች። ከጎረቤቶቻችን በዕድሜ የሚበልጡት እናት ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም፣ «ልጄ፤ ጎመኑን ጨምሪልኝ። ቦሎቄውስ በርበሬ ረስተሽበታል» አሏት።

እስከ በረካው ድረስ ግን ማንም አልተነሣም።